እህቴ የልብ ቫልቭ ከተቀየረላት በኋላ ነገሩ ከብዶናል፤ ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረን

የደብረ ብርሃኑ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ታናሽ እህቴ 26 ዓመቷ ነው። ልጅ እያለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷም ያብጥ ነበር፣ ቁርጥማት ነው እየተባለ ታለፈ። ከፍ ስትል ዳገት መውጣት አቃታት። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሣ ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ በጣም ጠቧል፣ ደግሞም ደም ወደ ኋላ ያፈሳል አሉን። በፊኛ ማስፋት አይሆንም ስለተባለ ቫልቩ አዲስ አበባ ተቀየረላት። የብረት የሚሉት ነው የገባላት። እግዚአብሔር ይመስገን በሰላም ወጣች፣ ደስ ብሎን ወደ ቤት ይዘናት ገባን።

በሦስተኛው ሳምንት ግን ጋደም ማለት አቃታት። ተቀምጣ ነው የምታድረው፣ ፊቷ ገረጣ፣ ልቧ ይሮጣል፣ ስትቆም ያዞራታል። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፣ የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ሰጡን። ሲብስባት በሌሊት መኪና ተከራይተን አዲስ አበባ ሄድን። ልቧን የከበበው ከረጢት ውስጥ ደም የተቀላቀለ ፈሳሽ ሞልቶ ልቧን እየጨቆናት ነው አሉና በቱቦ አፈሰሱላት። አይኤንአሯ፣ ማለትም የደሟን መቅጠን የሚለካው ቁጥር፣ ያን ቀን ከ6 በላይ ነበር። የልብ ምቷም ተዛብቷል ተብሎ አሚዮዳሮን የሚባል መድኃኒት ተጨመረላት።

አሁን ቤት ናት። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛዋ ጥቂት ቀን ቆሞ እንደገና ተጀመረ። አይኤንአሩ መጀመሪያ 1.6፣ ቀጥሎ 3.1፣ አሁን 4.8 ሆኗል፣ መጠኑን ግን ማንም አልቀየረውም! ይሄ እንዴት ይሆናል? ሌሊት የቫልቩን ድምፅ እያዳመጠች አትተኛም። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ጾሙም እየደረሰ ነው፣ ጎመን ትብላ አትብላ ቤት ውስጥ ክርክር ሆኗል። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

የሳሪሱ ልጅ

ወንድሜ እንኳን እግዚአብሔር አተረፋት። የእኔም ሚትራል የብረት ነው፣ ከተቀየረልኝ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራ እሠራለሁ፣ ትዳር አለኝ፣ ልጅ አለኝ። ይህን መጀመሪያ ንገራት፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ሰው መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ለቅሶው የተለመደ ነው። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሰው ሆድ ይብሰዋል፣ ቅዠት አለ፣ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አፉ ላይ አይጥምም። እኔ ራሴ ዘፈን ስሰማ አለቅስ ነበር። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይወጣዋል። ግን እየባሰ ከሄደ፣ ምግብ ከተወች፣ መኖር ምን ይሠራልኛል የሚል ነገር ከአፏ ከወጣ ለሐኪሟ ንገሩ። በርቺ፣ ጠንክሪ እያላችሁ ብቻ አትለፏት። ለእሱም ሕክምና አለው።

ድምፁን በተመለከተ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ካለ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ደረቷ ላይ ያለው ሥጋ ሲሳሳ ጎልቶ ይሰማል፣ ክብደቷ ሲመለስ ይቀንሳል። ሬዲዮ በዝግታ ከፍታችሁላት ትተኛ፣ እኔን የረዳኝ እሱ ነው። ይልቅ የሚያሰጋው ድምፁ ሲታፈን ወይም ሲጠፋ ነው። ድምፁ ተለውጦ ትንፋሽ ካጠራት ሌሊትም ቢሆን ይዛችኋት ሂዱ፣ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ደረቷ መሐል ያለው አጥንት ተቆርጦ በሽቦ ነው የታሰረው። እስኪገጥም ድረስ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ስለዚህ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሕፃን ልጅ አታንሣ። እንጀራ መጋገርም ይቅርባት፣ አክንባሎ ማንሣቱ ራሱ ደረትን ይስባል፣ ጭሱ ደግሞ ያስላታል። ከአልጋ ስታነሷት እጇን አትጎትቱ፣ ከጀርባዋ ደግፋችሁ ነው። ስታስል ወይም ስታነጥስ ትራስ ደረቷ ላይ እቅፍ ታድርግ። አጥንቱ ቀጭ የሚል ወይም የሚንቀሳቀስ ከመሰላት፣ ቁስሉ ካዠ ወይም ከቀላ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠያቂ ገድቡ። ባህላችን ነው፣ ሰው ፍቅሩን ነው ይዞ የሚመጣው፣ ግን ሃያ ሰው በቀን ሲገባ እሷ ለእያንዳንዱ ተነሥታ እየተቀመጠች፣ ታሪኩን ከመጀመሪያ እየተረከች፣ ጉንፋን ያለበትን ሁሉ እየሳመች ነው የምትውለው። በር ላይ አንድ ቆፍጠን ያለ ዘመድ አስቀምጡ።

ሲስተር ዘ

በልብ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪሟን የሚተካ ነገር እዚህ አልጽፍም፣ ግን የአይኤንአሩ ነገር አሳስቦኛልና ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ ደውሉ። 4.8 ማለት መልስ የሚፈልግ ቁጥር ነው። እስከ ቀጠሮ የሚቆይ አይደለም።

መጠኑ ሳይቀየር ቁጥሩ ለምን ወጣ ላልከው፣ አሚዮዳሮን ይመስለኛል። አሚዮዳሮን ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ያዘገያል። ስለዚህ ያው ኪኒን ብትወስድም ሰውነቷ ውስጥ ያለው ዋርፋሪን እየበዛ ይሄዳል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም፣ በሳምንታት ውስጥ ነው ቀስ እያለ የሚመጣው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የዋርፋሪኑን መጠን ከሲሶ እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳሉ፣ ምርመራውንም ያቀራርቡታል። ግን ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በራሳችሁ እንዳትቀንሱ፣ በፍጹምም እንዳታቆሙ። አሚዮዳሮኑ ኋላ ሲቆምም ቁጥሩ ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል፣ ያኔም ክትትሉ መጥበቅ አለበት።

በሚትራል ቦታ የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ደም ከልብ ወደ ሰውነት በሚወጣበት በኤዎርታ በኩል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3። የእሷ የትኛው እንደሆነ ደብተሯ ላይ በቁጥር ይጻፍላት። ከታች ሲሆን ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ወደ ጭንቅላት ሊሄድም ይችላል። ከላይ ሲሆን ደም ይፈሳል። ያ ከረጢት ውስጥ የሞላው ፈሳሽም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚታወቅ ችግር ነው፣ ደም ማቅጠኛ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዳግመኛ ጋደም ማለት ካቃታት፣ የአንገቷ ደም ሥር ከተወጠረ፣ ካዞራት፣ ከእንግዲህ የሳንባ ምች ነው ቢሏችሁም ኢኮ ይነሣልን በሉ። በትሕትና፣ ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ሌላው ትልቁ አደጋ ያለ ማዘዣ የሚገዛ መድኃኒት ነው። እኛ ሀገር ሆድ ቁርጠት ሲመጣ አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው ተብሎ ሜትሮኒዳዞል ከፋርማሲ ተገዝቶ ይዋጣል። ሜትሮኒዳዞል አይኤንአርን በጣም ያወጣል። አንቲባዮቲኮቹ ባክትሪምም፣ ሲፕሮም፣ ለፈንገስ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ያወርደዋል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አትንካ፣ በመርፌም በኪኒንም። ፓራሲታሞል ይሻላታል፣ እሱንም በልክ። የትኛውም ጤና ተቋም ስትገቡ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል "ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ የብረት ቫልቭ አላት" የሚል ይሁን።

ዋርፋሪኑን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ትውሰድ። ብዙዎቹ ማታ 2 ሰዓት ላይ ያደርጉታል፣ ቀን በተሠራው ምርመራ መጠኑ ከተቀየረ ማታውኑ ይስተካከላልና። ከረሳች በዚያው ቀን ስታስታውስ ትውሰድ፣ ቀኑ ካለፈ ይለፋት፣ በማግሥቱ ሁለት እጥፍ እንዳትወስድ።

ድዷ ቢደማ፣ አፍንጫዋ ቢነስርና ባይቆም፣ ሽንቷ ቢቀላ፣ ሰገራዋ እንደ ቅጥራን ቢጠቁር፣ ወድቃ ጭንቅላቷን ብትመታ፣ አፏ ቢጣመም፣ አንድ እጇ ቢዝል ወይም ንግግሯ ቢወላገድ፣ ያኔ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

እማማ የሺ

ልጄ፣ እግዜር ይማራት። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ሆና ጎመን የሚባል ከቤት ጠፋላት፣ ሰላጣም ቆስጣም። አንተም አታስነካት። ይልቅ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠህ በማር አድርገህ ጠዋት ጠዋት ስጣት፣ ፌጦም ጥሩ ነው፣ ደም ያቀጥናል ይላሉ።

ሲስተር ዘ

እማማ የሺ፣ ለልጅቷ አስበው እንደሆነ ይገባኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል እንደ መድኃኒት እየተወቀጠ በየቀኑ መውሰዱ ለእሷ አይሆንም። ደሟ በመድኃኒት ቀጥኗል፣ በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመር መድማት ይመጣል። ወጥ ውስጥ የሚገባው ሽንኩርት ግን ችግር የለበትም። ፌጦም፣ ጥቁር አዝሙድም፣ አብሽም እንደ መድኃኒት በብዛት ከተወሰዱ ቁጥሩን ሊያናጉ ስለሚችሉ ይቅሩ።

ጎመኑን በተመለከተ፣ ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ነገር ግን መከልከል አያስፈልጋትም። የሚጎዳው መለዋወጡ ነው። በሁለት ወር ጾም በየቀኑ ጎመን ስትበላ ከርማ በፋሲካ ድንገት ትታ ወደ ሥጋ ብትዞር አይኤንአሯ መጀመሪያ ይወርዳል፣ ኋላ ይወጣል። እኔ ለታካሚዎቼ የምላቸው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ትንሽ ጎመን ከበላችሁ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይሁን ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ደግሞ ምርመራውን ቀደም አድርጉ። አሁን ገና ከቀዶ ሕክምና የወጣች ልጅ ናት፣ ፕሮቲን ያስፈልጋታል፣ ስለዚህ የንስሐ አባቷን አነጋግሩ። ከጎመኑ በላይ ግን ጨው ያሳስበኛል፣ ሽሮውና በርበሬው ውስጥ ሲፈጭ የሚገባው ጨው አይታየንም።

ከቨርጂኒያ

እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ አባቴ ቫልቭ ተቀይሮለት ጎንደር ይኖራል፣ መድኃኒት የምልከው እኔ ነኝ። ከውጭ መድኃኒት ለምትልኩና ለምትቀበሉ ሁሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነውና ልብ በሉ።

የዋርፋሪን ኪኒን ቀለም በየአገሩ አንድ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ሮዝ የሆነው 1 ሚሊግራም ነው። እንግሊዝ ሀገር ሮዝ የሆነው 5 ሚሊግራም ነው! ለንደን ያለችው እህታችን አንድ ጊዜ፣ እኔ አንድ ጊዜ እየላክን "ሮዟን ኪኒን ውሰድ" ብንለው ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ በቀለም ሳይሆን ዕቃው ላይ በተጻፈው ሚሊግራም ተናገሩ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ቤት ውስጥ አታቀላቅሉ፣ ከተቻለ ከአንድ አገር ብቻ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ደም ማቅጠኛ አለ እያሉ ዘመዶች ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን ወይም ዳቢጋትራን ይልካሉ። ለብረት ቫልቭ አይሆኑም። ዳቢጋትራን በብረት ቫልቭ ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ ሲወጣ የደም መርጋቱም መድማቱም ከዋርፋሪን በለጠ፣ ሙከራውም አስቀድሞ ተቋረጠ። ብረት ቫልቭ ካለ ዋርፋሪን ነው።

ሦስተኛ፣ ኮአጉቼክ የሚባል በቤት ውስጥ አይኤንአር የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከጣት አንድ ጠብታ ደም ነው የሚፈልገው። ክፍለ ሀገር ላለ፣ ላቦራቶሪው ሪኤጀንት አለቀ እየተባለ ለሚመለስ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ውድ ነው፣ የአገልግሎት ጊዜውም ያልፍበታል፣ ከፍተኛ ሙቀት ያበላሸዋል። መጀመሪያ ላይ ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር አስተያዩት። ውጤቱን ለሐኪም ሳትነግሩ በራሳችሁ መጠን አትቀይሩበት። አቅሙ ያለው ዘመድ ለልብስና ለጫማ የሚያወጣውን ስትሪፕ ቢገዛበት እመርጣለሁ፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ታላቅ ወንድም

ስለ ትኩሳት ማንም ስላልጻፈ እኔ ልጻፍ።

ታናሽ ወንድሜ ቫልቭ ከተቀየረለት ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ደህና ሆኖ ሥራ ጀምሮ ሳለ፣ ማታ ማታ ያተኩሰው ጀመር። ያልበዋል፣ ይበርደዋል፣ ምግብ ጠላ። ክሊኒክ ሄደ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒት ሲወስድ ተሻለው፣ ሲጨርስ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ ሄደ፣ አሁን ታይፈስ ነው ተባለ። እንዲህ እየተባለ ወር አለፈው። የትኛውም ቦታ ደረቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ቆም ያለ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ዓይኑን ገልጦ፣ ጥፍሩን አይቶ፣ ወዲያው የደም ካልቸር (ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ) ይሠራ፣ ኢኮ ይነሣ አለ። ቫልቩ ላይ ባክቴሪያ ሰፍሮ ነበር፣ ኢንዶካርዳይተስ የሚሉት። ሆስፒታል ተኝቶ ለ6 ሳምንት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተሰጠው፣ ኋላም ቫልቩ ስለላላ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ግድ ሆነ። ዛሬ በሕይወት አለ፣ ክብር ለእግዚአብሔር፣ ግን ያ ሁሉ ስቃይ ሊቀር ይችል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ካልቸር ሳይወሰድ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ባክቴሪያው ይደበቃል፣ ምርመራው ላይ አይወጣም፣ ሐኪሙም የትኛውን መድኃኒት እንደሚሰጥ አያውቅም። ስለዚህ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው 38 እና ከዚያ በላይ ካተኮሰው፣ ሌላ ግልጽ ምክንያት ከሌለው፣ በቀጥታ ወደ ልብ ክትትሉ ይሂድ። "መጀመሪያ ካልቸር ይወሰድልን" በሉ። አትቆጡኝና፣ ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ በቃሉ ይያዘው እላለሁ።

ደግሞም ጥርስ። ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ድድ ከመነካቱ በፊት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ አለ፣ ብዙውን ጊዜ አሞክሲሲሊን፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ። አለርጂ ላለበት ሌላ አለ። ጥርስ ሐኪሙ አይኤንአሯንም ማየት አለበት። ጥርሷን በለስላሳ ብሩሽ ጠዋት ማታ ትቦርሽ። መፋቂያ ከለመደችና ድዷን የሚያደማት ከሆነ ትተወው። ጉሮሮዋን ሲያማት እንጥል ላስቆርጥ የሚል ሰው ከቤታችሁ ይራቅ።

የደብረ ብርሃኑ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሲስተር፣ እንዳልሽው ጠዋት ደወልኩ። ሐኪሙ የአንድ ቀን መጠን አሳለፈ፣ ከዚያ ዋርፋሪኑን ቀነሰው፣ አሚዮዳሮኑንም እስከ መቼ እንደሚያቆይ ነገረኝ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ደም ትሰጣለች።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ እናቴ ጸበል ካልወሰድኳት እያለች ነው፣ እዚያ ደግሞ መድኃኒት አቁሙ የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ እናቴን ላስቀይማት አልፈልግም። ሁለተኛ፣ እህቴ እጮኛ አላት፣ ልጅ መውለድ እችላለሁ ወይ ብላ ጠይቃኝ ምን እንደምላት አጣሁ። ወንድ ሆኜ ሐኪሙንም በደንብ መጠየቅ አፈርኩ።

ዘላስታ

በቤተ ክርስቲያን የማገለግል ነኝ። ወንድሜ፣ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም። ጥበቡን ለሐኪም የሰጠው እግዚአብሔር ነው፣ ብዙ አባቶችም መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ተጠመቁ ብለው ያስተምራሉ። እናትህን አታስከፋት፣ ይልቅ የንስሐ አባታችሁን ቤት ጥራና እሳቸው ይንገሯት። ከእኛ ከልጆቿ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች። ለጊዜው ቁስሏ እስኪደርቅ ድረስ ጸበሉ ቤት መጥቶ በጥቂቱ ትጠጣ፣ ትቀባ። በብርድ፣ በሕዝብ መሐል እየተጋፉ መጠመቁ ደረቷ ሲጠገን ይደርሳል። ለጾሙም እንዲሁ፣ ለታመመ ሰው ሥርዓቱ ራሱ ቦታ አለው።

ኡሙ ሐናን

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ አፊያዋን ይመልስላት። የልጅ ጥያቄውን እኔ ልመልስ፣ ያለፍኩበት ነው።

እኔ በኤዎርታ በኩል የብረት ቫልቭ አለኝ፣ ልጅም አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እህትህን "ይቻላል፣ ግን ሳይታቀድ አይሆንም" በላት። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ባለው ጊዜ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ችግሩ ብዙ ሴት ማርገዟን የምታውቀው ያ ጊዜ ከጀመረ በኋላ ነው። በድንጋጤ ዋርፋሪኑን ብታቆም ደግሞ ቫልቩ ይዘጋና እናትም ልጅም ይጠፋሉ። እኔ ከማርገዜ በፊት ነው ከልብ ሐኪሜና ከማሕፀን ሐኪሜ ጋር የተመካከርኩት። መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ሄፓሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ መርፌ፣ መሐሉ ላይ ዋርፋሪን፣ መውለጃው ሲቃረብ እንደገና ሄፓሪን ተደረገልኝ፣ ደሜም በየጊዜው ይታይ ነበር። ለሌላ ሴት ሌላ መንገድ ሊመረጥ ይችላል፣ የዋርፋሪኑ መጠንም ይወስነዋል። ቀላል አልነበረም። መርፌው፣ ወጪው፣ ፍርሃቱ ሁሉም አለ። የሚወለደውም የልብ ሐኪም ባለበት ትልቅ ሆስፒታል ነው።

እስከዚያ ድረስ አስተማማኝ መከላከያ ትያዝ። ተራው የወሊድ መከላከያ ኪኒን ውስጥ ያለው ኢስትሮጅን ደም ያረጋልና ለእሷ አይመከርም። በክንድ የሚቀበረው ዓይነት ስለሌለበት እሱን ትጠይቅ። ሌላ ሴቶች በሐፍረት የማይናገሩት ነገር አለ፣ ዋርፋሪን የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። ቀኑ ከረዘመባት፣ ደም እየፈሰሳት አቅም ካጣች ትናገር፣ ደም ማነስ ያስከትላልና።

እጮኛዋም አብሮ ቀጠሮ ይሂድ። ቀድሞ አውቆ የሚቆም ሰው ነው የሚያስፈልጋት።

የቢኒ እናት

ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ባለው፣ ዶ/ር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ነው የታከመው። ውለታቸውን ከፍዬ አልጨርሰውም።

ስለ ፔኒሲሊን መርፌው ልጠይቅህ፣ እህትህ እየወሰደች ነው? ቫልቩ ስለተቀየረ በሽታው የጠፋ የሚመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው። በልጅነት ጉሮሮን አሞ ኋላ ለቫልቩ መጎዳት ምክንያት የሚሆነው ባክቴሪያ ተመልሶ ቢመጣ ሌሎቹም ቫልቮች ይጎዳሉ። ስለዚህ ቤንዛቲን ፔኒሲሊኑ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይቀጥላል፣ ቫልቭ ለተቀየረለት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ዋርፋሪን ላይ ያለ ሰው ጡንቻ ላይ ሲወጋ ሊቋጥርበት ስለሚችል፣ አይኤንአሩ ከፍ ባለበት ሳምንት ነርሷ ሳታውቅ እንዳትወጋት። ሐኪሙ መርፌውን ይቀጥል ካለ ቦታውን 10 ደቂቃ ያህል ጫን ብላችሁ ያዙ፣ አትሹት። ካልሆነ በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን አለ፣ ግን እሱ በየቀኑ ሳይዘለል መወሰድ አለበት። ለቢኒ ከማደንዘዣ ጋር እየቀላቀሉ ሲሰጡት ሕመሙ በጣም ቀነሰለት፣ መጠየቅ ነው።

ቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ጉሮሮአቸውን ሲያማቸውም ቶሎ ይታከሙ። አንድ አልጋ ላይ አብረው ባይተኙ ይመረጣል።

የደብረ ብርሃኑ

መርፌውን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማንም አላነሣልንም ነበር። የቢኒ እናት፣ እግዚአብሔር ቢኒን ያሳድግልሽ።

ትናንት ደሟ ታየ፣ 3.2 ሆኗል! ኢኮውም ፈሳሹ አልተመለሰም አለ። የሳሪሱን ልጅ ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ደግማ እንዳነብላት ጠየቀችኝ፣ ሌሊትም ከወትሮው ረዘም አድርጋ ተኛች። እናቴም የንስሐ አባታችን መጥተው ካነጋገሯት በኋላ ተረጋግታለች።

አንድ ቀረኝ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፣ መኪናዋን እያየች መቼ ነው የምቀመጥበት ትላለች። ደግሞ ቫልቩ ስንት ዓመት ይቆያል ብላ ትጨነቃለች፣ እንደገና ደረቴ ይከፈታል ወይ እያለች።

ሲስተር ዘ

3.2 ደስ የሚል ቁጥር ነው። ለሁለት ተከታታይ ምርመራ እንዲህ እስኪሆን ድረስ ግን አታራርቁት።

የብረት ቫልቭ በራሱ አያረጅም። ደም በደንብ ከቀጠነና ኢንፌክሽን ካልገባ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ነው የሚሠራው። ከእንስሳ የሚሠራው ነው በወጣቶች ላይ ቶሎ የሚያረጀው፣ ለ26 ዓመት ልጅ ብረቱ የተመረጠውም ለዚህ ይመስለኛል። ሥራው አዲስ ነገር አይደለም፣ አልበርት ስታር የሚባለው የአሜሪካ ሐኪም በኦሬገን ሚትራል ቫልቭን በሰው ሠራሽ የተካው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ኖሮበታል።

ለስፌቱ፣ አሁን በየቀኑ በእግር ትሂድ። ግቢ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ ትጀምር፣ እየሄደች መናገር እስከቻለች ድረስ በየጥቂት ቀኑ ትጨምር። ዳገቱ ይቆይ፣ የደብረ ብርሃን ብርድም ስላለ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ይሁን። በእጅ የሚሰፋ ቀላል ነገር፣ ቁልፍ መትከል፣ ዘምዘማ፣ ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሐኪሟ ከፈቀደ ቁጭ ብላ ልትጀምር ትችላለች። መኪናው፣ ከባድ ጨርቅ መጎተቱና መቀሱ አጥንቱ መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። መርፌ ቢወጋት አትደንግጥ፣ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋ ጫን ብላ ትያዝ፣ ከወትሮው ዘግየት ብሎ ይቆማል። ቲምብል (የጣት መከላከያ) ታድርግ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የአይኤንአር ደብተሯን፣ የኪኒኖቹን ዕቃ በሙሉ፣ የቫልቩን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ካርዱ ላይ የቫልቩ ዓይነትና መጠን አለ። በስልክህ ፎቶ አንሣው፣ እሷም በስልኳ ትያዘው። የፔኒሲሊኑን ነገር ያን ቀን ጠይቀህ መልሱን እዚህ ጻፍልን።